መቃብር ልንጠይቅ ወደ ምሥራቁ ሜዳ

ቅዳሜ፣ ጎሕ ሲቀድ። ፒዮሪያ ስትሪት

ወደ ምሥራቅ ለመሄድ ወደ ምዕራብ በመንዳት ጀመርን። ኤደን ሰማዩ ገና ሳይገለጥ አፓርታማዬ በር ላይ ደርሳ ሁለት ጊዜ ክላክስ አደረገች። ሁለተኛው ትርፍ ነበር፤ እኔ ካፖርቴን ለብሼ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ስጠብቃት ነበር። የኦሮራ የጥቅምት ብርድ ጠዋት ጠዋት አጥንት ድረስ ይገባል። ፒዮሪያ ስትሪት ግን በዚህ ሰዓትም ነቅቷል። የሆስፒታል ልብስ የለበሱ ሴቶች አውቶቡስ ይጠብቃሉ፣ የጎማ ቤቱ ሰውዬ የብረት መዝጊያውን ሽቅብ ይገፋል፣ ሐበሻ ሱቁ በር ላይ እንጀራ የሚያራግፍ ቫን ቆሟል። ከሱቁ ድፎ ዳቦ ገዛሁ፤ ባለሱቁ በኮባ የተጋገረ ነው ብሎ የሚምልበትን ትልቁን። ኮባ ኮሎራዶ ውስጥ ከየት እንደሚቆረጥ አልጠየቅኩትም።

ዳቦውን ያዘዙት የኤደን አባት ጋሽ መኰንን ናቸው። «መቃብር ልጠይቅ ስሄድ ባዶ እጄን አልሄድም» ብለዋል።

አንባቢ ግር እንዳይለው ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። እድራችን የራሱ የመቃብር ቦታ የለውም። ሰው ሲሞትብን ወይ በከተማው መካነ መቃብሮች እዚህም እዚያም ተበታትኖ ይቀበራል፣ ወይ መዋጮ ተሰብስቦ አስከሬኑ ወደ አገር ይላካል። ዘንድሮ ከኦሮራ ወጣ ብሎ፣ ሜዳው ላይ፣ አንድ ገበሬ የሚሸጠው ቁራሽ መሬት ተገኘ። አባላቱ ወደዱት። ይገዛ ወይስ ይቅር የሚለው ነገ እሑድ በስብሰባ ይወሰናል። ሆኖም ጋሽ መኰንን እሺ ካላሉ እንደማይገዛ ከመጀመሪያው ተስማምተናል፤ እድሩን ካቋቋሙት ሰዎች በሕይወት የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸውና። ቦታው ቢገዛ ቀድመው የሚገቡበትም እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም። የሐኪም ቤት ሚስጥር እያወጣሁ አይደለም፤ ልባቸው እየደከመ መሄዱን እሳቸው ራሳቸው ከቤተ ክርስቲያን ደጅ እስከ ፀጉር አስተካካዩ ቤት ለሁሉም ነግረዋል። «የመጀመሪያው ተከራይ እኔ ነኝ» እያሉ ይቀልዳሉ።

እንዲህ እየቀለዱ መሬቱን ሊያዩ ሄዱና ተለውጠው ተመለሱ። «ባለቤቶቹን ሳልጠይቅ እሺ አልልም» አሉ። ባለቤቱ ሻጩ ገበሬ ነው ቢባሉም አልሰማም አሉ። የሚሸጠው መሬት ጥግ ላይ፣ መንገድ ዳር፣ አንድ የመታሰቢያ ድንጋይ ቆሟል። ነጮቹ ሰፋሪዎችና የአገሩ ነባር ሰዎች የተጋደሉበት ዘመን መታሰቢያ ነው። ጋሽ መኰንን እሱን አንብበው ነው የመጡት፤ ባለቤቶች የሚሏቸው ነባሮቹን ነው፣ ከእነሱ ወገን የሆኑ አንዲት ሴትም ዛሬ እዚያው ሊያገኙን ቀጥረውናል።

እኔ ሰብለ እባላለሁ፤ ሆስፒታል ውስጥ አስተርጓሚ ነኝ። ጋሽ መኰንን እንግሊዝኛ ያውቃሉ፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ታክሲ ነድተውበታል። «መቃብር ግን በተዋስኩት አፍ አልጠይቅም» አሉና ወሰዱኝ። መኪናው ውስጥ ኤደን ማሞቂያውን ከፍ አደረገች። እሷ እዚሁ የተወለደች፣ ሎውሪ ሰፈር ያለ ትምህርት ቤት የምታስተምር፣ ለአባቷ አንድ ልጅ ናት።

«ሰብልዬ፣ ቦታው እኮ ፎርቲ ሚኒትስ ነው» አለችኝ። «ኤቭሪ ሰንደይ ሄጄ ላየው እችላለሁ። ወደ አገር ከተላከ ግን በቃ፣ አይ ሉዝ ሂም። ፕሊስ፣ ስታስተረጉሚ ነገሩን ለስለስ አድርጊው።»

«አስተርጓሚ ነኝ እንጂ አማላጅ አይደለሁም» አልኳት። አነጋገሬ እንደከበደ የገባኝ ማሞቂያውን መልሳ ዝቅ ስታደርገው ነው።

ማለዳ። ካፒቶል ሂል

ጋሽ መኰንን የሚኖሩት ዴንቨር መሀል፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ጥቂት ገባ ብሎ፣ አሮጌ ቀይ ጡብ ሕንፃ ውስጥ ነው። ስደተኛ ሆነው የመጡ ጊዜ የተከራዩት ሰፈር ነው፤ ጓደኞቻቸው ሁሉ ቤት እየገዙ ወደ ኦሮራ ሲሄዱ እሳቸው አልወጡም። ደርሰን ስናይ ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ነጠላቸውን ክንዳቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ደጃፉ ላይ ቆመዋል። የለቅሶ ልብሳቸው ነው።

«ዳቦው አለ?» አሉ ከሰላምታ በፊት።

«አለ ጋሼ።»

«ሙሉ ነው? አልተቆረሰም?»

«እንዲያውም ግማሹን በልተነዋል» አልኩ። ሳቅ እንደማለት ብለው ገቡ። ወንበሩ ላይ ለመቀመጥ የወሰደባቸው ጊዜና ከተቀመጡ በኋላ ያወጡት ትንፋሽ ግን ሳቁን አጠፋው። ኤደን በመስታወት አየቻቸው።

ወዲያው አልተነሳንም። በካፒቶሉ፣ በግዛቱ ምክር ቤት ሕንፃ፣ በምዕራብ በኩል እንድናልፍ ጠየቁ። ከወርቃማው ጉልላት በታች፣ ከደረጃው ፊት፣ እሳቸው ከመምጣታቸው በፊት ጀምሮ የቆመ የወታደር ሐውልት ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በፖሊስ ግድያ ላይ በተነሳው ተቃውሞ ሰሞን ሰዎች ገፍተው ጣሉት።

«ምግብ ቤት ሳህን እያጠብኩ ነበር የምኖረው» አሉ በመስኮቱ እያዩ። «ጠዋትም ማታም በዚህ አልፋለሁ። ላገሩ የወደቀ አርበኛ መስሎኝ ባርኔጣዬን አነሳለት ነበር። እኔ የወደቀ ሰው ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። በኋላ ይቺ ልጅ ከትምህርት ቤት መጥታ ነው እግሩ ሥር የተጻፈውን የነገረችኝ። ወታደሮቹ ካሸነፏቸው ጦርነቶች መሀል ሳንድ ክሪክንም ቆጥረውታል።»

ሳንድ ክሪክ ከዚህ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሦስት ሰዓት ያህል ያስነዳል። ከመቶ ስልሳ ዓመት በፊት ከዴንቨር የወጡ ፈረሰኞች፣ ሰላም ወርዷል፣ የመንግሥቱ ሰንደቅም ተሰጥቶናል ብለው በተቀመጡ የሻያንና የአራፓሆ ነባር ሕዝቦች ሰፈር ላይ ጎሕ ሲቀድ ደረሱ። ከተገደሉት የሚበዙት ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ነበሩ። ገዳዮቹ ሲመለሱ ከተማው በደስታ ተቀበላቸው። ይህንን ያነበብኩት እኔም ዘግይቼ ነው፤ በዚህች ከተማ ስንት ዓመት ከኖርኩ በኋላ መሆኑን ስናገር ያሳፍረኛል።

«ጦርነት አይደለም እሱ» አሉ ጋሽ መኰንን። «ከዚያ ወዲህ ሳልጠይቅ ለማንም ባርኔጣ አላነሳም። በይ ንጂ ልጄ።»

ረፋድ። ኮልፋክስን ይዞ ወደ ምሥራቅ

ኮልፋክስ ረጅም መንገድ ነው፤ የከተማውን ሕዝብ በሙሉ አሰልፎ የሚያሳይ ይመስለኛል። መጀመሪያ አሮጌ አፓርታማዎችና መጽሐፍ መሸጫዎች፣ ቀጥሎ በወር የሚከራዩ ሞቴሎች፣ ወርቅ በመያዣ እንቀበላለን የሚሉ ሱቆች፣ ከዚያ የእኛ ሰዎች ምግብ ቤቶች፣ የሶማሌ ሻይ ቤት፣ የሜክሲኮ ዳቦ ቤት። የአውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ብርድ ልብስ የተከናነበ ሰው ተቀምጦ አንቀላፍቷል። ኦሮራን ጨርሰን ከትልቁ የቀለበት መንገድ ሥር ስናልፍ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ሰማይና የታጨደ የስንዴ ማሳ ብቻ ነው፤ በግራ በኩል ወደ ኤርፖርት የሚወርዱ አውሮፕላኖች ተራ ይዘው ይታያሉ።

ዋትኪንስ የምትባለውን ትንሽ ከተማ እንዳለፍን የጋሽ መኰንን ስልክ ጮኸ። የእድሩ ጸሐፊ ጌታቸው ነው። መስማት ስለሚቸግራቸው ስፒከር ላይ አደረጉት፤ ሁላችንም ሰማን።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? መንገድ ላይ ናችሁ አሉ። እኔ የምለው፣ ሻጩ እኮ ሌላ ገዢ አለኝ እያለ ነው። ነገ አዎ ካልተባለ ያመልጠናል።»

«ገባኝ።»

«ካልተናደዱብኝ አንድ ነገር ልጠይቅ። የሚያነጋግሯት ሴትዮ ስልጣን አላት? ማለቴ፣ ብትፈቅድ ባትፈቅድ ወረቀቱ ላይ ምን ያመጣል? ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ እኛ መስከረም ጠብቶ ካለፈም በኋላ እንሰማለን።»

ጋሽ መኰንን አልተናደዱም። «ጌታቸው፣ አንተ አዲስ አበባ ነው ያደግኸው» አሉት ረጋ ብለው። «እኛ አገር፣ ወሎ ሳይንት፣ እንግዳ ሰው መጥቶ ሲሞት፣ ዘመዶቹ የአጥቢያውን ሽማግሌዎች መቃብር ይለምናሉ። አብዛኛውን ጊዜ ይሰጣል። ግን ይለመናል። ሳይለምን የቀበረ ሰው አጥንቱ የሌባ አጥንት ነው ይባላል።»

«እሱማ ልክ ነው። እዚህ ግን ገንዘብ ተከፍሎ ነው።»

«ለማን?» አሉ ጋሽ መኰንን። ጌታቸው ደህና ዋሉ ብሎ ዘጋ።

ቤኔት የምትባል የገበሬ ከተማ ላይ ነዳጅ ልንቀዳ ቆምን። ነፋሱ የመኪናውን በር ከእጄ ነጥቆ ሊወስደው ደረሰ። ውስጥ ባርኔጣ ያደረጉ አዛውንት ገበሬዎች ቡና ይጠጣሉ፤ ጥቁር ሙሉ ልብስና ነጭ ነጠላ ያዩ ጊዜ ወሬያቸውን አቆሙ። ጋሽ መኰንን አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም ሲሏቸው አንደኛው ባርኔጣውን ነካ አደረገ። ቡናው እንደ ቡና አይቀመስም፤ ግን ይሞቃል። ኤደን ከእንቁላል ጋር የተጠቀለለ ቡሪቶ ገዝታ ለሦስት ከፈለችው። አባቷ ድርሻቸውን በጥቂቱ ቀምሰው መለሱላት፤ ከጨው ተከልክለዋል።

ረፋዱ ሲገፋ። ድንጋዩ ዘንድ

ከዋናው መንገድ ወጥተን በጠጠር መንገድ ጥቂት እንደሄድን ደረስን። እኔ ትልቅ ነገር ጠብቄ ነበር። ድንጋዩ ከወገቤ አይበልጥም፤ ግራጫ ነው፣ ዙሪያው በሽቦ ታጥሯል፣ ፊት ለፊቱ ሁለት መኪና የሚያቆም ጠጠር አለ። ከኋላው የሚሸጠው መሬት ቁልቁል ተዘርግቶ አንድ የደረቀ ጅረት ዘንድ ይቆማል። ጅረቱ ውሃ የለውም፤ ዳርና ዳሩን ግን ትልልቅ ዛፎች በቢጫ ቅጠል ቆመዋል። ቦታው ያምራል። መቃብር ሆኖ ሳስበው ልቤ ወደደው፤ ውሸት አልናገርም።

ድንጋዩ ላይ የአንድ የነጭ ገበሬ ቤተሰብ ስም ተቀርጿል። በአውሬዎች እጅ የወደቁ ይላል። አውሬ የተባሉት እነማን እንደሆኑ አንባቢ ያውቃል። ከጎኑ በቅርብ ዓመታት የቆመ የብረት ሰሌዳ አለ። በዚያው ዘመን በዚህ ጅረት ዳር ሲሸሹ ያለፉ፣ የተራቡና የሞቱ የሻያንና የአራፓሆ ሰዎች፣ ሕፃናትም ጭምር፣ እንደነበሩ ይናገራል። እዚያኛው ላይ ስም የለም። ኤደን የድንጋዩን ስሞች እስከ መጨረሻው አነበበችና ሕፃናት እንዳሉባቸው ስታይ «ኪድስ፣ ሁለቱም ጋ ኪድስ» አለች። ጋሽ መኰንን መጀመሪያ ለድንጋዩ፣ ቀጥሎ ለሰሌዳው፣ እኩል እኩል ጎንበስ አሉ።

ትንሽ ቆይቶ ሰማያዊ ፒክአፕ መጣ። የወረዱት ወይዘሮ ሎሬታ ናቸው፤ በሰባዎቹ ውስጥ ያሉ፣ ሽበታቸውን አንድ ጉንጉን አድርገው ጀርባቸው ላይ የጣሉ፣ ስኒከርና ወፍራም ጃኬት ያደረጉ ሴት። ሻያን ናቸው። የሚኖሩት ዴንቨር ውስጥ ነው፤ ጡረታ እስኪወጡ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዱ ኖረዋል። ኤደን ያወቀቻቸው ለተማሪዎቿ ስለ ሕዝባቸው ሊናገሩ የመጡ ጊዜ ነው፤ አባቷ የሚጠይቁት ሰው ሲፈልጉ የደወለችውም ለእሳቸው ነው።

ሁለቱ አዛውንቶች መጀመሪያ ያወሩት የመኪና ነገር ነው። ጋሽ መኰንን ታክሲ፣ ወይዘሮ ሎሬታ አውቶቡስ፤ ያ ሁሉ በረዶ በወረደበት ዓመት የት የት እንደተቸከሉ በእንግሊዝኛ ተነጋገሩ። ወይዘሮ ሎሬታ ባዶ አውቶቡስ ከሞላው ይልቅ እንደሚንሸራተት ሲናገሩ ጋሽ መኰንን በሙሉ ልብ ተስማሙ። እዚያው ቢያበቃ ኖሮ ጥሩ ጠዋት ነበር።

እኩለ ቀን ሲቃረብ። ጥያቄው

ጋሽ መኰንን ባርኔጣቸውን አውልቀው ለኤደን ሰጧት። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። ዳቦውን በሁለት እጃቸው ይዘው ከወይዘሮ ሎሬታ ፊት ቆሙ፤ ወይዘሮ ሎሬታ የፒክአፑ የኋላ መዝጊያ ላይ ተቀምጠዋል። እኔ በመሀል፣ ትንሽ ወደ ኋላ ቆምኩ። ሥራዬ ላይ የሚናገረው ሰው «እኔ» ሲል እኔም «እኔ» ነው የምለው፤ እንደዚያው አደረግሁ።

«እመቤቴ» አሉ በአማርኛ። «እኔ የሰው አገር ሰው ነኝ። ከወሎ ነኝ፤ በእግሬ ሱዳን ገብቼ፣ ከሱዳን እዚህ መጣሁ። ስመጣ መንግሥትን ጠየቅሁ እንጂ እናንተን አልጠየቅኩም። መኖራችሁንም አላውቅ ነበር። በሕይወት ያለ ሰው ጨንቆት ሳይጠይቅ ቢገባ ይቅር ይባላል፤ ይሠራል፣ ነገም ተነስቶ ይሄዳል። የሞተ ሰው ግን አይሄድም። ይህንን ቦታ እድራችን ሊገዛ ነው። መጀመሪያ የምገባበት እኔ ነኝ። እኔንና ወገኖቼን እዚህ ለመቅበር ትፈቅዱልናላችሁ ወይ ብዬ መጣሁ።»

ተረጎምኩ። ነፋሱ ስላለ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር። ወይዘሮ ሎሬታ ዳቦውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ጋሽ መኰንንን አዩ። የሚቀልዱ ሰው እንዳልሆኑ ለማረጋገጥ የፈለጉ መሰለኝ።

«ስለ ሕዝባችን ሁሉ መናገር አልችልም» አሉ በመጨረሻ። «ሰዎቻችን ኦክላሆማ አሉ፣ ሞንታና አሉ፤ የየራሳቸው ምክር ቤት አላቸው። ስለ ቤተሰቤ ግን መናገር እችላለሁ።»

ቀስ ብለው፣ እንድተረጉም እያቆሙ፣ ነገሩኝ። የሴት አያታቸው ሴት አያት በዚያ ክፉ ዘመን ከሸሹት አንዷ ነበሩ። በጅረቱ ዳር ሲሄዱ ሕፃን ልጃቸው ሞተችባቸው። ወታደር እየተከተለ ስለነበር ምልክት አላደረጉም፤ መሬቱ ታችኛው ዳገት ላይ ልስልስ ያለ ስለነበር እዚያ ቀበሯትና ሄዱ። ጅረቱ ይሄ መሆኑን ቤተሰቡ ሲቀባበል መጥቷል። ቦታውን ግን የሚያውቅ የለም። ወይዘሮ ሎሬታ እናታቸውን በሕይወት ሳሉ በየዓመቱ ይዘዋቸው ይመጡ ነበር፤ አጥሩን ማለፍ ስለማይፈቀድላቸው ከመንገዱ ዳር ቆመው ያዩታል።

«ለም መሬት ቢሆን ስንት ጊዜ በቆፈሩት» አሉ፤ «እስካሁን የተኛችው መሬቱ ለእርሻ ስለማይመች ነው። እናንተ ከገዛችሁት ትቆፍራላችሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሃያ መቃብር። አንድ ቀን ማሽኑ እሷን ያወጣታል። አውቄው እሺ ልበል? ኖ። እዚህ አይሆንም።»

«ኖ» ለማንም አስተርጓሚ አይፈልግም። ጋሽ መኰንን ሰምተዋል። ግን በአማርኛ ጠይቀዋልና መልሱ በአማርኛ እስኪደርሳቸው እኔን እያዩ ቆሙ። ኤደንም ታየኛለች፤ እንባዋ ዓይኗ ላይ ሞልቷል። እንግዲህ በዚህ ሥራ ስንት ክፉ መልስ ከአንድ አፍ ወደ ሌላ አፍ አሻግሬአለሁ። እንዲህ የከበደኝ ግን አላስታውስም። «ለጊዜው ቢቆይ ይሻላል ብለዋል» ማለት እችል ነበር። «ከታች በኩል ካልሆነ ይቻላል» ብዬ መንገድ መክፈት እችል ነበር። የልጅቷን ነገር ሳልነግራቸው ማለፍ አልችልም፤ ከነገርኳቸው ደግሞ የሚለሰልስ ነገር የለም።

ሁሉንም ነገርኳቸው። በመጨረሻም «አይሆንም ብለዋል» አልኩ።

ጋሽ መኰንን እንደ ቆሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሺ» አሉ።

ወይዘሮ ሎሬታ ቀሪውን ጠበቁ። ቀሪ አልነበረም። «ምን አሉ?» አሉኝ።

«እሺ ነው ያሉት።»

«እና?»

«ሌላ አላሉም።»

ወይዘሮ ሎሬታ ፊታቸውን ወደ ሜዳው አዞሩ። ዓይናቸውን በጃኬታቸው እጅጌ ጠረጉ። «እኛ እምቢ ያልንበት ጊዜ ብዙ ነው» አሉ ሲረጋጉ። «እምቢ ብለን እሺ የተባልንበትን ግን እኔ አላውቅም።»

ጋሽ መኰንን ይህ ሲተረጎምላቸው ጎንበስ አሉ። ዳቦውን መዝጊያው ላይ አኖሩና «ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነበር?» ብለው ጠየቁ። ገና ጡት አልጣለችም ነበር አሏቸው። ያን ጊዜ ጋሽ መኰንን ነጠላቸውን አደግድገው፣ በዚያ ድካማቸው፣ ከአጥሩ ውጪ ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ። የኛ ሰው ለቅሶ ቤት ገብቶ እንደሚቀመጠው ነው የተቀመጡት፤ ጥግ ይዞ፣ አቀርቅሮ፣ ምንም ሳይናገር። ወይዘሮ ሎሬታ ትንሽ አዩአቸውና ወርደው አጠገባቸው ተቀመጡ። ኤደንም ተቀመጠች። እኔ ቆሜ ቀረሁ፤ የሚተረጎም አልነበረም። ከዚያ እኔም ተቀመጥኩ።

ስንነሳ ወይዘሮ ሎሬታ ዳቦውን ቆረሱ። ጠቅላላውን አልወሰዱም፤ ግማሹን ለኛ መለሱ። ጥሩ ተቦክቷል አሉ።

ከሰዓት። መልስ

ሲመለሱ መንገድ ያጥራል ይባላል። የዛሬው አላጠረም። ኤደን ሁለቱንም እጇን መሪው ላይ አድርጋ ፊት ለፊቷን ብቻ ታያለች። ከነፋሱ ጋር የሚንከባለሉ ደረቅ ቁጥቋጦዎች መንገዱን ያቋርጣሉ። ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ረጅም ዕቃ ጫኝ ባቡር ከጎናችን በተቃራኒ አለፈ። ቤኔት ላይ አልቆምንም።

ጋሽ መኰንን ራሳቸው ደወሉ።

«ጌታቸው፣ እምቢ ተብለናል።»

«ማን ነው እምቢ ያለው? ሻጩ?»

«የቦታው ሰዎች።»

«ጋሼ» አለ ጌታቸው ቀስ ብሎ። «ሰው ሁሉ ይህንን ቦታ ወዶታል። ሴትዮዋ እንዲህ አለች ብዬ ነገ ፊታቸው ብቆም ምን ይሉኛል?»

«አንተ አትቆምም፤ እኔ እቆማለሁ» አሉ። «እነሱ ከፈለጉ ድምፅ ይስጡ። የኔን እሺ ግን አያገኙም። ጌታቸው፣ ዳገቱ ውስጥ ሕፃን አለች። እናት ልጄ ላይ አትቆፍሩ እያለች፣ እኔ ምን ብዬ ነው አጠገቧ የምተኛው?»

«ሕፃን?» አለ ጌታቸው። ከዚያ «እንዲያ ከሆነማ…» ብሎ ሳይጨርሰው ቀረ። ጌታቸው የሁለት ትንንሽ ልጆች አባት ነው።

ከተማው ከሩቅ መታየት ሲጀምር፣ ተራሮቹም ከኋላው ሰማያዊ ሆነው ብቅ ሲሉ፣ ጋሽ መኰንንን ከፍቷቸው እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«አልከፋኝም» አሉ። «ዕድሜዬን ሙሉ እምቢ ያሉኝ ከቢሮ መስኮት ኋላ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። ካርቱም አሉኝ፣ እዚህም አሉኝ። ፊቴን ሳያዩ ነው የሚሉት። ዛሬ ያሉኝ ግን ዓይኔን አይተው፣ ምክንያቱን ነግረው ነው። እንዲህ ያለ እምቢታ ክብር አለው።»

ማምሻውን። ካፒቶል ሂል

ኤደን ከሕንፃው ፊት ፓርክ አድርጋ ሞተሩን አጠፋች። አልወረደችም። ጋሽ መኰንንም አልወረዱም። የእግረኛ መንገዱ ላይ ልጆች በብስክሌት ያልፋሉ፤ ከላይኛው ፎቅ የአንድ ሰው ሬዲዮ ይሰማል።

«ዳድ» አለች፤ ድምጿ እንደ ትንሽ ልጅ ሆነ። «አይ ኖው እሺ ማለትህ ትክክል ነው። ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ። ግን አሁን የት ነው? ዌር?»

«እዚሁ አንቺ ባለሽበት አገር ነው፤ አልላክም። ቦታውን ግን ጠይቀን።»

«እነሱም ኖ ካሉስ?»

«ሌሎች እንጠይቃለን።»

«አባዬ፣ ዩ ዶንት ሃቭ ታይም። ጊዜ የለህም እኮ።»

ይቀልዳሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ እንደ ልማዳቸው ስለ ኪራይ፣ ስለ ተከራይ አንድ ነገር ጣል ያደርጋሉ ብዬ። አልቀለዱም። መዳፋቸውን ራሷ ላይ አሳረፉና ፀጉሯን ወደ ኋላ እያበጠሩ ብዙ ቆዩ።

«አውቃለሁ ልጄ» አሏት። «አውቃለሁ።»